በወንዝ ዳር ዕፅ ለሚጠበቅበት መሬት ግብር ስለ ማቅለል

መሬት ያለ ውኃ አያፈራም፤ ውኃም ያለ ዳርቻ አይገታም። ይህን ባላገሩ ሁሉ በየክረምቱ በዓይኑ ያየዋልና ማስተማር አያሻውም። ነገር ግን ዳርቻውን ማን ይጠብቀው፣ ጠብቆትስ ምን ያገኛል የሚለው ጥያቄ የአስተዳደር ጥያቄ ስለ ሆነ፣ መልሱ የሚፈለገው ከሹማምንት ነው። ስለዚህ በሰሜን ወሎ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ወረዳ ያለውን ሁኔታ ምሳሌ አድርገን፣ በወንዝ ዳር የበቀለውን ዕፅ ሳይመነጥር ለሚያቆይ ባለይዞታ የመሬቱን ግብር ማቅለል የሚያስገኘውን ጥቅምና የሚያስፈልገውን ጥንቃቄ ከዚህ ቀጥሎ በየተራው እንገልጣለን። ነገሩ በተለይ የሚመለከተው የዞንና የወረዳ አስተዳዳሪዎችን፣ ግብር ሰብሳቢዎችን፣ የቀበሌ ሹማምንትን፣ እንዲሁም መሬታቸው ከወንዝ የሚዋሰን ባለይዞታዎችን ነው።

የአገሩ አቀማመጥና የወንዞቹ ጠባይ

ወልድያ የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ በመጀመሪያ ሲሪንቃ፣ ቀጥሎም ከወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ይገኛል። በምዕራብ በኩል የጉባ ላፍቶ ተራሮች ከፍ ብለው ይታያሉ፤ በምሥራቅ በኩል አገሩ እየወረደ ሄዶ ከአፋር ቆላ ይደርሳል። በደቡብ ሚሌ ወንዝ ሀብሩን ከደቡብ ወሎ ይለየዋል፤ ሚሌም ወደ ምሥራቅ ወርዶ ከአዋሽ ይገባል።

እንዲህ ባለ አገር ወንዙ አጭር፣ አወራረዱም ቁልቁል ነው። በደጋው ዝናብ በወረደ ጊዜ፣ በቆላው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ጎርፉ በድንገት ይደርሳል። ከተራራው ድንጋይና አሸዋ ይዞ ይወርድና ከሜዳው ሲደርስ ኃይሉ ስለሚደክም የያዘውን ሁሉ ይጥላል። የወንዙ ወለል በድንጋይ በሞላ ጊዜም ውኃው መሄጃ ያጣና ወደ ዳር ዞሮ እርሻውን ይበላል። ባለይዞታው በሰኔ የዘራውን ማሳ በነሐሴ ሲያየው ግማሹ ጠጠር ሆኖ ያገኘዋል።

የዚህ አገር ገበሬ በበልግና በክረምት ዝናብ ማሽላና ጤፍ ያበቅላል፤ በመርሳና በግራና አካባቢ ደግሞ ወንዝ እየጠለፈ በመስኖ ፍራፍሬና አትክልት ያለማል። በዝናብ ለሚያርሰው ወንዙ ጎረቤቱ ነው፤ በመስኖ ለሚያርሰው ግን ወንዙ እንጀራው ነው። ስለዚህ በላይኛው ቀበሌ የአንድ ሰው ዳርቻ በተመነጠረ ጊዜ ጉዳቱ በእርሱ ብቻ ሳይቀር፣ ደለሉ በታችኛው ቀበሌ የብዙ ሰው ቦይ ይደፍናል።

የወንዝ ዳር ዕፅ የሚሠራው ሥራ

በወንዝ ዳር ማንም ሳይዘራው የሚበቅለው ዕፅ ለመንገደኛ ጥላ ብቻ ይመስለዋል፤ ለውኃው ግን ልጓም ነው። ሥራውም ይህ ነው።

1ኛ፤ ሥሩ አፈሩን አስሮ ይይዛል። ሾላና ዋርካ ሥራቸውን አርቀው ይዘረጋሉ፤ ዶቅማና አኻያ ከውኃው ሳይርቁ ይኖራሉ፤ ሸምበቆና ሰርዶ ደግሞ የላይኛውን አፈር እንደ ምንጣፍ ይሸፍኑታል። ትልቁ ዛፍና ትንሹ ሣር አንድነት በቆሙበት ስፍራ ዳርቻው በቀላሉ አይናድም።

2ኛ፤ ከወንዙ ሞልቶ የሚወጣውን ጎርፍ ያዘገየዋል። ፍጥነቱ የቀነሰ ውኃ የያዘውን አፈር ይጥላል እንጂ ሌላ አፈር አይቈፍርም።

3ኛ፤ ከእርሻ ወደ ወንዝ የሚወርደውን ደለል ያጣራል። በመስኖ የሚኖር ሰው በየዓመቱ ቦዩን ለመጥረግ ስንት ቀን እንደሚያጠፋ ያውቃልና የዚህ ጥቅም ክብደት ይገባዋል።

4ኛ፤ በዝግታ የሚሄድ ውኃ ወደ መሬት ለመስረግ ጊዜ ያገኛል። ወደ መሬት የሰረገውም ውኃ በበጋ ለምንጭና ለጕድጓድ ይተርፋል።

5ኛ፤ ለባለይዞታው ራሱ የሚታጨድ ሣር፣ ለንቡ አበባ፣ ለልጆቹ የሾላና የዶቅማ ፍሬ፣ ለቤቱ የደረቀ ማገዶ ይሰጠዋል።

ይሁን እንጂ ለዕፁ ከአቅሙ በላይ ሥራ ልንሰጠው አይገባም። ከተራቆተ ተራራ ቋጥኝ እያንከባለለ የሚወርደውን ጎርፍ በታች ያለ ቁጥቋጦ ብቻውን አያቆመውም። በላይ እርከንና የተከለለ ተራራ፣ በታች የተጠበቀ ዳርቻ፣ ሁለቱም አንድነት ያስፈልጋሉ።

ሕጉ የሚለውና ያላለው

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 197፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከሚመለከታቸው ጋር ሆኖ የአንዳንድ ውኃዎችን ዳርቻ ወሰን እንዲወስን፣ በተወሰነውም ዳርቻ ውስጥ ዛፍና ዕፅ መመንጠርንና መኖሪያ ቤት መሥራትን እንዲከለክል ሥልጣን ሰጥቶታል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ዐዋጅ ቁጥር 456 ደግሞ ተዳፋትነቱ ከመቶ 60 በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ብቻ እንዲሆን አዝዞ ነበር። ይህም ዐዋጅ በ2016 ዓ.ም. በወጣው በዐዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ቁጥር 1065 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን መኖሩን ዐውቆ ለደን አልሚዎች ማበረታቻ እንዲሰጥ ይፈቅዳል።

እንግዲህ ክልከላው አለ፤ ለደንም ማበረታቻ ታስቧል። የጐደለው በሁለቱ መካከል ያለው ነው። አገራችን ደኗን ለመቁጠር የያዘችው መለኪያ ስፋቱ ቢያንስ ግማሽ ሔክታር፣ የዛፉ ቁመት ቢያንስ 2 ሜትር፣ ጥላው ከመሬቱ ከመቶ 20 እጅ የሚሸፍን መሆን አለበት ይላል። በሀብሩ ያለ አንድ ባለይዞታ በወንዙ ዳር የሚተወው ቀጭን መሬት ግን ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሔክታር አይሞላም። ስለዚህ በእርሻ እንዳይቈጠር አልታረሰም፤ በደን እንዳይቈጠር መጠኑ አልበቃም። በግብር መዝገብ ግን እንደ እርሻ ተቈጥሮ ይኖራል።

ከዚህ የሚወጣው ውጤት ግልጥ ነው። ዳርቻውን የመነጠረ ሰው እስከ ውኃው ጫፍ ዘርቶ ያጭዳል፤ የጠበቀ ሰው ሳያጭድ ለዚያው መሬት ይከፍላል። ሕግ የሚፈልገውን ሥራ የሠራ ሰው ካልሠራው ይልቅ የሚጐዳበት ሥርዓት በምክርም በቅጣትም ረጅም ጊዜ አይጸናም። ክልከላ መሥሪያ ቤቱን የሚያስወጣው ወረቀትና ቀለም ብቻ ነው፤ ባለይዞታውን ግን አዝመራውን ያስቀረዋል። ስለዚህ ሸክሙን በጥቂቱ መካፈል ተገቢ ነው እንላለን።

ግብር የመሬትን ሁኔታ መለየቱ አዲስ ነገር አይደለም

አንዳንድ ሹማምንት፣ መሬት ሁሉ እኩል ይክፈል፤ ልዩነት ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም፣ ይላሉ። ነገር ግን የአገራችን ግብር ጥንትም ልዩነት ያውቅ ነበር። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ የተለካውን መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት ከፍሎ፣ በአንድ ጋሻ ለለሙ 15 ብር፣ ለለም ጠፉ 10 ብር፣ ለጠፉ 5 ብር ወስኖ ነበር። በ1937 ዓ.ም. ሲሻሻልም ሦስቱ ደረጃዎች ጸንተው ቆዩ። ያ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን አበቃ፤ በ1968 ዓ.ም. የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ገቢ ግብር ተተካ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ ይህን የመወሰንና የመሰብሰብ ሥልጣን ለክልሎች ሰጠ። ባላገሩ ግን ሁለቱንም በአንድ ስም ግብር ይላቸዋል፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ እንዲሁ ብለናል።

የቀድሞው አከፋፈል አንድ ጕድለት ነበረበት፤ እርሱም በስንፍና የተራቆተውንና በአሳብ የተጠበቀውን መሬት ሳይለይ ሁለቱንም ጠፍ ማለቱ ነው። ዛሬ የምናሳስበው ለጠፍ መሬት እንዲማር አይደለም፤ ለሚሠራ መሬት እንዲማር ነው። የወንዝ ዳር ዕፅ ያለበት መሬት አዝመራ ባይሰጥም ሥራ አልፈታም።

ግብር ማቅለል ምን ያህል ኃይል እንዳለው ደግሞ የባሕር ዛፍ ታሪክ ያስረዳል። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በ1887 ዓ.ም. ግድም በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ተክሉ እንዲስፋፋ ችግኙ በርካሽ እንደ ታደለ፣ ባሕር ዛፍ የተተከለበትም መሬት ከግብር ነፃ እንደ ሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ዛፉም በጥቂት ዓመት ውስጥ አዲስ አበባን ሸፈነ። ነገር ግን በ1905 ዓ.ም. ግድም ምንጭና ጕድጓድ ያደርቃል ተብሎ ከሦስት ሁለቱ እጅ እንዲነቀል ታዘዘ፤ ትእዛዙ ግን አልተፈጸመም። ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ የግብር ምሕረት ሰውን ያለ ግዳጅ ያንቀሳቅሳል። ሁለተኛው፣ ምሕረቱ የሚሰጥበት ተክል ተለይቶ ካልተነገረ ኋላ መመለሻ የለውም። ስለዚህ በወንዝ ዳር የሚደረገው ምሕረት ለአገር በቀል ዕፅ ብቻ እንጂ ለባሕር ዛፍ ሊሆን አይገባም።

በሌላ አገር የተደረገ

በአሜሪካ በኦሪገን ክፍለ ግዛት፣ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1981፣ በወንዝ ዳር ያለውን ዕፅ ለሚጠብቅ ባለመሬት ከወንዙ እስከ 100 ጫማ፣ ማለት 30 ሜትር ያህል ድረስ ያለው መሬት ከንብረት ግብር ነፃ እንዲሆን ሕግ ወጥቷል። ባለመሬቱ ምሕረቱን የሚያገኘው ከዱር እንስሳትና ከዓሣ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ጋር ስለ አጠባበቁ ተስማምቶ ሲፈርም ነው። ምሕረቱም ገደብ አለው፤ በአንድ አውራጃ ከ200 ማይል፣ ማለት ከ320 ኪሎ ሜትር ያህል የወንዝ ዳር አይበልጥም። በቨርጂኒያ ደግሞ የየአካባቢው አስተዳደር ቢያንስ 35 ጫማ፣ ማለት 11 ሜትር ያህል ስፋት ያለውንና ለዘለቄታው እንዲጠበቅ ውል የተገባበትን የወንዝ ዳር መሬት ከግብር ነፃ ሊያደርግ ይችላል።

የእነዚያ አገሮች ባለመሬት ሰፊ መሬት አለው፤ የእኛ ባላገር ግን በጥማድ የሚቈጠር ነው። ስለዚህ ስፋቱን ሳይሆን ሥርዓቱን እንቅዳ፤ ይኸውም ወሰኑ የተለካ፣ ውሉ የተፈረመ፣ ጠቅላላውም መጠን የተወሰነ እንዲሆን ነው።

ነገሩ በሒሳብ ሲታይ

ለምሳሌ አንድ ባለይዞታ ሁለት ጥማድ፣ ማለት ግማሽ ሔክታር መሬት ቢኖረው፣ ከመሬቱም 100 ሜትር ያህል ከወንዝ የሚዋሰን ቢሆን፣ 10 ሜትር ስፋት ሳያርስ ቢተው የተወው መሬት 1,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህም ከጠቅላላ ይዞታው ከአምስት አንድ እጅ ነው። ለድኻ ገበሬ ከአምስት አንድ እጅ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሹሙ ይህን ሳያስብ ስለ ጥበቃ ቢናገር ሰሚ አያገኝም።

አሁን ደግሞ በሌላው ወገን እንመልከተው። ዳርቻው ራቁቱን ቀርቶ ጎርፉ በየክረምቱ 2 ሜትር ብቻ ቢበላ፣ በዓመት 200 ካሬ ሜትር፣ በአምስት ዓመት 1,000 ካሬ ሜትር ይጠፋል። ያን እተወዋለሁ ብሎ የፈራውን መሬት ወንዙ ይወስድበታል ማለት ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ለዕፅ የተተወው መሬት በስሙ ይኖራል፤ ወንዝ የወሰደው ግን አይመለስም። ወንዙም በስድስተኛው ዓመት በቃኝ አይልም።

የግብሩን ነገር ስናይ፣ ከአምስት አንድ እጅ ግብር መማሩ የቀረውን አዝመራ አይተካም። የገጠር መሬት ግብር ከአዝመራው ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነውና ይህን በግልጥ መናገር ይሻላል። ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው ቢባል፣ መጀመሪያ፣ ሳያርሱ መክፈል የሚባለው በደል ይቀራል። ሁለተኛ፣ ዳርቻው በመዝገብ ተለይቶ ይታወቃል፤ የታወቀውንም መሬት መጠበቅ ይቻላል። ሦስተኛ፣ ባለይዞታው ያልታረሰ ነው ተብሎ ይወሰድብኛል ብሎ የሚፈራው ፍርሃት ይወገዳል፤ ብዙ ሰው እስከ ውኃው ጫፍ የሚያርሰው ከስስት ይልቅ ከዚህ ፍርሃት የተነሣ ነውና። ለመንግሥት ግምጃ ቤት ግን የሚቀረው ገንዘብ ጥቂት ነው።

የአፈጻጸሙ ሥርዓት

ወረዳ በራሱ ፈቃድ ግብር ሊምር አይችልም፤ ሥልጣኑ የክልሉ ነው። ወረዳው ግን ለክትትሉ መሠረት የሚሆነውን ሥራ አስቀድሞ ሊያዘጋጅና ለበላይ ሊያቀርብ ይችላል። የሥራውም ተራ እንዲህ ቢሆን መልካም ነው።

1ኛ፤ በመጀመሪያ አንድ ወንዝ ይመረጥ። ሁሉን በአንድ ጊዜ መጀመር ሁሉን ሳይጨርሱ መተው ያመጣል። ደለል መስኖውን የሚያስቸግርበት ወንዝ ቢቀድም ጥቅሙ ቶሎ ይታያል።

2ኛ፤ ዳርቻው በሽማግሌዎችና በመሬት አስተዳደር ባለሙያ ፊት ይለካ፤ የወሰን ምልክትም ይደረግለት። በካርታ የተደገፈ የይዞታ ደብተር ባለበት ቀበሌ የዳርቻው ስፋት በዚያው ላይ ይመዝገብ። ልኩ የሚጀምረው በክረምት ውኃው ከሚደርስበት መስመር ነው፤ በበጋ ከሚታየው ቀጭን ውኃ አይደለም።

3ኛ፤ ባለይዞታው ውል ይፈርም። በውሉ ውስጥ ምን እንደሚከለከልና ምን እንደሚፈቀድ በግልጥ ይጻፍ። ማረስ፣ መመንጠር፣ ከብት መልቀቅና እሳት መለኰስ ይከልከል፤ ሣር ማጨድ፣ ቀፎ መስቀል፣ ፍሬ መልቀምና የደረቀውን መሰብሰብ ይፈቀድ። ባለቤቱ ምንም የማያገኝበት ዳርቻ ጠባቂ የለውም።

4ኛ፤ ጎረቤታሞች በኅብረት ይመዝገቡ። እያንዳንዳቸው 1,000 ካሬ ሜትር የያዙ አምስት ጎረቤታሞች ዳርቻቸው ከተያያዘ ግማሽ ሔክታር ይሞላል። የተቈራረጠ ዳርቻ እንደ ተቀደደ ከረጢት ነው፤ ጎርፉ በቀዳዳው ይገባል።

5ኛ፤ ምሕረቱ በየዓመቱ ታይቶ ይጽና። ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ጎርፉ ካለፈ በኋላና ግብር ከመሰብሰቡ በፊት፣ የቀበሌው ሹምና የልማት ባለሙያው ዳርቻውን ይመልከቱ። ዕፁ ከቆመ ምሕረቱ ይቀጥል፤ ባለቤቱ ከመነጠረው የተማረለት ግብር ተመልሶ ይከፈል። ጎርፍ ያጠፋው ከሆነ ግን እንዲተከል እርዳታ ይሰጠው እንጂ እንደ ጥፋተኛ አይቈጠር።

6ኛ፤ የበታቹ ተጠቃሚ የበላዩን ጠባቂ ይርዳ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ዐዋጅ ቁጥር 841 ለእነዚህ ማኅበራት ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷቸዋል። ማኅበሩ ቦይ ለመጥረግ ከሚያወጣው ጉልበት ጥቂቱን ለዳርቻ ችግኝና ለአጥር ቢያውለው ድካሙ ይቀንስለታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ለችግኙና ለምክሩ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል፣ በመርሳም የግብርና ኮሌጅ አለ፤ የአገሩን አፈርና ዝናብ የሚያውቁ ባለሙያዎች በመንገዱ ዳር ናቸው።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

ባላገሩ ብዙ ጊዜ፣ ቁጥቋጦ የጦጣና የወፍ መደበቂያ ይሆናል፤ ማሽላዬን ያስበላኛል፣ ይላል። ይህ እውነት ያለበት ነገር ነውና ሊናቅ አይገባም። መልሱም ከማሳው በሚዋሰነው በኩል ሣርና አጭር ተክል፣ ከውኃው በሚዋሰነው በኩል ዛፍ እንዲሆን ማድረግና ጎረቤታሞች ጥበቃውን በተራ እንዲይዙት ማስማማት ነው።

ሌላው ተቃውሞ፣ ጉልበተኛ ሰው በጥበቃ ስም የወል ግጦሽ ያጥርበታል የሚል ነው። ስለዚህ ምሕረቱ በደብተር ለተመዘገበ ይዞታ ብቻ ይሁን። የወል የሆነው ዳርቻ በማኅበረሰቡ ስም ይመዝገብ፤ ከብት ወደ ውኃ የሚወርድበትም መንገድ ተለይቶ ክፍት ይቅር። የከብቱን መውረጃ የዘጋ ክልል አጥሩ በሌሊት ይፈርሳል።

ሦስተኛው የከተማው ነገር ነው። በወልድያና በመርሳ በጅረት ዳር የተሠሩ ግቢዎች አሉ። በጥር 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የንብረት ታክስ ዐዋጅ የከተማን መሬትና ሕንፃ የሚመለከት ነው። ከተሞች ይህን ግብር ሥራ ላይ ሲያውሉ፣ በጅረት ዳር ሳይገነባበት ዛፍ የቆመበትን መሬት ከተገነባበት ለይተው እንዲያዩት ከአሁኑ ቢታሰብ፣ ኋላ ቤት ከማፍረስ ይሻላል።

ማሳሰቢያ

ከላይ የተባለው ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የሚጠይቀው መለኪያ ገመድ፣ መዝገብና በቃሉ የሚጸና ሹም ነው። በወንዝ ዳር ያለው ዕፅ ዛሬ በብዙ ስፍራ ሥሩ አልጠፋም፤ ከብትና መጥረቢያ ከተከለከለለት ሳይተክሉት ራሱ ይበቅላል። ሥሩ ከጠፋ በኋላ ግን በብዙ ወጪ የሚተከለው ችግኝ የመጀመሪያውን ጎርፍ አይችለውም። አባቶች ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ወረዳ ከሚመጣው ክረምት በፊት አንድ ወንዝ መርጦ፣ ዳርቻውን ለክቶ፣ የባለይዞታዎቹን ስምና የመሬቱን መጠን ጽፎ ለክልሉ ቢያቀርብ፣ ግብሩ እንዲቀል የሚወስኑት ሰዎች የሚወስኑበት ነገር በእጃቸው ይገባል።